ከካርቶኑ ጀርባ የነበረው

አቼቶ ሲሸታቸው ሰላጣ የሚታወሳቸው ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። እኔን አቼቶ የሚወስደኝ ጅማ ነው። ወስዶም መስኮት በሌላት፣ እንደ ምድጃ በምትግል ጠባብ የሲኒማ ማሽን ክፍል ውስጥ ይዘጋብኛል። አሮጌ ፊልም መበላሸት ሲጀምር ልክ አቼቶ አቼቶ ይላል፤ በሥራው ያለፈ ሰው ያውቀዋል። በስተርጅና ደግሞ እዚህ ስደት አገር ሥራዬ ሕሙማንን በቫን ማመላለስ ሆነና፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ያለው የኩላሊት እጥበት ቤት በሩ በተከፈተ ቁጥር ያው ሽታ ይቀበለኛል። ማሽኖቹን ከሚያጥቡበት ነገር የሚመጣ ነው አሉኝ። አንዷ ነርስ ሽታው እንዳይረብሸኝ ብላ ውጭ እንድጠብቅ ትመክረኛለች። እኔ ግን ደፉ ላይ ቆሜ ትንሽ እስበዋለሁ። ሃያ ዓመቴን እያሸተትኩ ነው ብላት ምን ትለኛለች?

ከማመላልሳቸው ሕሙማን አንዱ ንጋቱ ነበር። የጅማ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ያንሳል። ብዙ ዘመን ኤርፖርት ፓርኪንግ ሠርቶ፣ ሚስቱ ካረፈች በኋላ ሞንትቤሎ ከልጁ ከሳምራዊት ጋር ይኖር ነበር። በበጋም በክረምትም ያንኑ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ቫኑ ውስጥ ይገባል፤ ቀበቶውን አስርለታለሁ፤ ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ «ካርቶን፣ ዛሬስ ትነግረኛለህ?» ይለኛል። «ነገ» እለዋለሁ። በዚህ ዓመታት ሄዱ። ሲመለስ ደክሞት ስለማይናገር ጥያቄው የመሄጃ ብቻ ነበር። ኦሮራ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እሱ ሲጠራኝ የሰሙ ሰዎችም «ጋሽ ካርቶን» ይሉኛል፤ ለምን እንደተባልኩ ግን የጠየቀኝ የለም። ዕቃ በማጓጓዝ ሥራ የወጣልኝ ስም ይመስላቸዋል። ስሜ ተካ ነው። ካርቶን የተባልኩት በሲኒማ ምክንያት ነው።

ሲኒማ ቤታችን ከፈረንጅ አራዳ ወደ ሄርማታ ሲወረድ ጥግ ላይ ነበር፤ ከልብስ ሰፊዎቹ ረድፍ ፊት ለፊት። ቀድሞ የቡና መጋዘን ስለነበረ ሙቀት ሲሆን ግድግዳው ቡና ቡና ይሸታል። የፊቱ አግዳሚ ስሙኒ፣ መደገፊያ ያለው የኋላው ወንበር ሽልንግ፤ የሰገነቱን ዋጋ ረስቼዋለሁ፤ እዚያ የሚወጣ ሰው አላውቅም ነበር። በር ላይ ለውዝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ጅማ መቼም ዝናብ አያጣትም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የፊልሙ ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። ቢሰማም እንግሊዝኛ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። ፊልሙ እስኪጀመር ሸክላ አጫውት ነበር። አንድ ሸክላ ብቻ ነበረን፤ እሱም ጭረት ስለነበረበት ዘፋኙ የፍቅረኛውን ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ እዚያው ይደጋግማል፤ ሕዝቡም ከጭረቱ ጋር አብሮ ይደጋግማል። አሁን ያ ዘፈን ኮልፋክስ ላይ ባሉ የእኛ ሱቆች ውስጥ ጥርት ብሎ ሲሰማ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል፤ ዞር ብዬ የምጠይቀው ሰው ግን የለም፤ ባለ ሱቁም ያኔ አልተወለደም።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ሙሴ ስቴፋኖ የሚባል ግሪክ ነበር። ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሚያንበለብል፣ ሱሪውን ከሆዱ በላይ የሚታጠቅ ሰው። ጥሩ ጥሩው ፊልም አዲስ አበባ ይቀራል፤ የህንዱም የካውቦዩም ከፍ ያለ ለሚከፍል ይሰጣል። ለእኛ የሚደርሰን ማንም የማይሻማበት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ማንም የማይሻማበት ማለት እንግሊዞች በርካሽ እየሠሩ የሚበትኗቸው የብልግና ኮሜዲዎች ነበሩ። ታሪካቸው ሁሉ አንድ ነው። የጆሮ ግንዱን ጸጉር እስከ ጉንጩ ያወረደ ከሲታ ሰው ይኖራል፤ ሥራው ከቤት ቤት የሚያዞር ነው። በር ያንኳኳል፤ የቤት እመቤቷ በቤት ልብስ ብቅ ትላለች፤ ሻይ ትጋብዘዋለች፤ ባልዬው ሳይታሰብ ይመጣል፤ ሰውዬው ሱሪውን በእጁ ይዞ በመስኮት ይዘላል። አለቀ። የጅማ ሕዝብ የሚጠብቀው በሻዩና በመስኮቱ መካከል ያለውን ነበር።

ከሁሉም ከተማውን ያመሰው ስለ አንድ ፒያኖ ቃኚ የሚያወራው ነው። ርእሱን ረስቼዋለሁ፤ እኛ «ፒያኖው» ነበር የምንለው። ሰውዬው ቦርሳውን አንጠልጥሎ በየሰው ቤት እየገባ ፒያኖ ይቃኛል፤ ወይም ሊቃኝ ይገባል። መሐል ላይ አንዲት ቢጫ የቤት ልብስ የለበሰች ሴት ትመጣለች፤ በሩን ከኋላዋ ትዘጋለች፤ መቀነቷን ትይዛለች። ፊልሙ ግን እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ አልፏል። የአዲስ አበባው ሳንሱር የሚቆርጠውን ቆርጧል፤ ከዚያ የተረፈውን በየከተማው ያለው ኦፕሬተር ለራሱ ማስታወሻ እየቀነጠበ አስቀርቷል። ይህ በሥራችን የታወቀ ነበር፤ የሆነ ቦታ የሸሸጋት ቁራጭ የሌለችው ኦፕሬተር አላጋጠመኝም። ጅማ ደግሞ የመንገዱ መጨረሻ ናት። እኛ ማሽን ላይ ሲወጣ ሴትዮዋ መቀነቷን ትይዛለች፣ ሸራው አንዴ ይርገበገባል፣ ሰውዬው ቦርሳውን ይዞ ውጭ እርጥብ መንገድ ላይ እየሄደ ነው። በመካከሉ ያለው የለም። በመጀመሪያው ቀን የለውዝ ቅርፊት እንደ በረዶ ወረደ። ሙሴ ስቴፋኖን ሌባ አሉት፤ ገንዘባችን ይመለስ አሉ፤ አንድ አግዳሚም ተሰበረ።

በነጋታው ሙሴ ስቴፋኖ እያለከለከ ወደ ማሽን ክፍል ወጣ። በእጁ የሳሙና ካርቶን ይዟል፤ ክዳኑን ገንጥሎ ሰጠኝ። «መቀነቷን ስትይዝ ይህን ሌንሱ ፊት አድርግ፤ ሰውዬው መንገዱን ሲጨርስ አንሣ» አለኝ። «ምኑን ልሸፍነው፣ ሙሴ? የለም እኮ» አልኩት። «ስለሌለ ነዋ የምትሸፍነው» አለኝ። ከዚያ ወርዶ፣ የጎደለው ቁራጭ ተገኝቶ ገብቷል፣ ግን ለወጣቱ ጠባይ ሲባል ካርቶን እንዲደረግበት ከበላይ ታዝዟል ብሎ አስወራ። ያዘዘ የለም። እንዲያውም የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ወሬውን ሰምተው ራሳቸው መጡና ስለ ጥንቃቄያችን አመሰገኑን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አግዳሚው አልበቃም፤ ሰው መሬት ላይ እየተቀመጠ ያይ ጀመር። ሴትዮዋ መቀነቷን ስትይዝ እኔ ካርቶኔን ሌንሱ ፊት አደርጋለሁ፣ ቤቱ ይጨልማል፣ ፉጨቱና «ካርቶን! ካርቶን!» የሚለው ጩኸት ቆርቆሮውን ይነቀንቀዋል። በጨለማው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው አንድ ባዶ መንገድ እየናፈቀ ነው። ይህን የምናውቀው ሙሴ ስቴፋኖና እኔ ብቻ ነበርን። አልዋሸሁም፤ የሚጠይቀኝም ሲመጣ ፈገግ ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ የቀረውን እነሱ ይሞሉታል።

የፊት አግዳሚው አለቃ ዳምጤ ነበር፤ የንጋቱ ታላቅ ወንድም። ዳምጤን ለመግለጽ ከሱሪው መጀመር ይሻላል። ከጉልበቱ ጥብቅ፣ ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቤልቦተም፤ ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ያሉት ሰፊዎች ናቸው የሰፉለት። ጭቃ ሲሆን ጫፉን እስከ ባቱ አጥፎ በላስቲክ ያስረዋል፤ በራችን ላይ ሲደርስ ላስቲኩን ፈትቶ ይለቀውና እየጠረገ ይገባል። የቴትሮን ሸሚዙ ቁልፍ እስከ ደረቱ ክፍት ነው፤ አፍሮው ውስጥ የእንጨት ማበጠሪያ ሰክቷል። ንጋቱ ከኋላው ኩስ ኩስ ይላል፤ የታላቁን ያህል ለመርዘም እየጣረ። ፊልሙ ሲያልቅ ዳምጤ ለውዙን አስይዞኝ «በማርያም፣ ከካርቶኑ ጀርባ ምን አለ?» ይላል። ፈገግ እላለሁ። ከዚያ ወደ አዌቱ ድልድይ ወርዶ፣ ስሙኒ አጥተው ውጭ ለቀሩት ልጆች ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን እሱ ራሱ ይተርክላቸዋል። በየሳምንቱ እያሻሻለው ይሄዳል። ከፊልሙ የእሱ ወሬ ይሻላል የሚሉ ነበሩ፤ ልክ ናቸው።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ስለ እሱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፣ እኔ አልጽፍም፤ ደክሞኛል። በማሽን ክፍሌ ቀዳዳ የሚታየኝ የፊት አግዳሚው መሳሳት ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የለም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ የለም። ዳምጤን ከቤቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተሰጠም። ልቅሶ መቀመጥ ስላልተፈቀደ እናቱ ስሙ ቤት ውስጥ እንዳይነሣ ከለከሉ፤ ለተረፈው ልጃቸው ፈርተው ነው። ፒያኖውም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በምትኩ ስለ ትራክተርና ስለ ፋብሪካ የሚያወሩ ፊልሞች መጡ፤ ካርቶን የሚያስፈልገው ነገር ጠፋ። ንጋቱ በሱዳን ወጣ፣ እኔም ዘግይቼ ወጣሁ። ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ አፓርታማ ደረጃ ላይ ተገናኝተን ስንተቃቀፍ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ካርቶን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ስኳር በሽታ አውርተናል። ወንድም ነበረኝ ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። የእናቱን ትእዛዝ እዚህ ድረስ ይዞት መጥቷል። ሳምራዊትም አጎት እንደነበራት አታውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮልፋክስ ላይ ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብቼ፣ ከተከመሩት ዲቪዲዎች መካከል ከዚያው ዘመን የእንግሊዝ ኮሜዲዎች አንዱን አገኘሁ። ፒያኖው አይደለም፤ ግን የአጎቱ ልጅ ነው። ቤቴ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ካርቶን የሌለው፣ ያልተቆረጠ። አሁን እንግሊዝኛውን እሰማዋለሁ። ቀልዱ አያስቅም። ያየሁት ድህነት ነው። ያኔ ጅማ ሆነን የአውሮፓ ምቾት ያልነው ቤት ግድግዳው የረጠበ፣ ወረቀቱ የተላጠ ነው፤ አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጥግ ላይ አለች፤ ልብሷን የምታወልቀው ሴት ትንፋሿ በብርዱ ሲተን ይታያል፣ የክንዷ ጸጉር ቆሟል። ሰዎቹ ሁሉ ፈሪዎች ናቸው፤ ጎረቤት እንዳያያቸው፣ አለቃ እንዳይሰማ። ማንም ደስ አላለውም። ሴትዮዋን ደግሞ ይህ ፊልም አልቆ አውቶቡስ ይዛ ቤቷ እስክትገባ ጋቢ ባለብሳት አልኩ። አጥፍቼው ተኛሁ። ለንጋቱ አልነገርኩትም፤ ነግሬው ምን ሊጠቅመው?

ባለፈው ክረምት ንጋቱ እጥበቱ በቃኝ አለ። ሐኪሞቹ መከሩት፣ ሳምራዊት አለቀሰች፣ የንስሐ አባቱ መጡ፤ እሱ ወገቤ ነው ያለቀው ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በረዶ ጥሎ ባደረ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ሳምራዊት ደወለች። «ጋሽ ተካ፣ ዳድ ዛሬ ደህና ነው፣ ሂ ኢዝ አሌርት። እርስዎን ይጠይቃል። ሊጠይቀው የሚፈልገው ነገር አለ፣ ለእኔ አይነግረኝም። ካን ዩ ካም?» አለችኝ። ምን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። «መጣሁ» አልኳት።

ፒዮሪያን ይዤ ወደ ሰሜን ስነዳ፣ እስከዚያ ቀን የምነግረው ነገር ያልነበረኝ ሰው፣ የሚነገር ነገር ስፈጥር ሄድኩ። የሚሞት ሰው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ነገ ነገ ብዬው «ምንም አልነበረም» ልበለው? ይህ ግፍ ነው አልኩ። በየቀይ መብራቱ አንድ አንድ ነገር ጨመርኩበት። መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ሻማ አበራሁ፣ ሴትዮዋን አሳመርኳት። በተቆለለው በረዶ መሐል መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ዳምጤ እንኳ የሚቀናበት ታሪክ ይዤ ነበር።

ንጋቱ ሳሎን ውስጥ፣ ሆስፒስ የሚባሉት የመጨረሻ ጊዜ አስታማሚዎች ባስገቡለት አልጋ ላይ ነው። ፊቱ ቢያብጥም ዓይኑ ነቅቷል። ሳምራዊት ወንበር አቀረበችልኝና «አይ ዊል ቢ ኢን ዘ ኪችን» ብላ ወጣች።

«ካርቶን» አለኝ።

«አቤት።»

«ነገ የለም እንግዲህ።»

«የለም» አልኩት። «ዛሬ እነግርሃለሁ።»

ነገርኩት። ክፍሉ ሰፊ ነበር አልኩ፤ መጋረጃው ሐር ነው፤ ሻማው በመስተዋት ውስጥ ይታያል። ቢጫው ልብስ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ጸጉሯን ትፈታዋለች፣ እስከ ወገቧ ይደርሳል። ሰውዬው እንደምታስበው ባለጌ አልነበረም፤ መጀመሪያ ፒያኖውን ቃኝቶ ተጫወተላት፤ እሷም እያየችው ሳቀች፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም አልኩት። ራሴም ማመን ጀምሬ ነበር። ንጋቱ ግን አልተደሰተም። እያወራሁ ሳለ ፊቱ እየጠቆረ መጣ፤ እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሳያይ ሞተ» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ዳምጤ» አለ። ያን ስም ከአፉ ስሰማ ከጅማ ከወጣን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «የወሰዱት ዕለት ጠዋት ምን አለኝ መሰለህ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርቶንን እንደ ምንም አሳምኜ አየዋለሁ፣ አይቼ እነግርሃለሁ አለኝ። እኔ ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አገር አይቻለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ። እሱ ያቺን አንዲት ነገር እንኳ ሳያይ። እስካሁን የምጠይቅህ ለእሱ ነበር። እንዲህ የሚያምር ከሆነ ግን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።»

አፈርኩ፤ ልቤም ተሰበረ። ያን ያህል ጊዜ የቀልድ የመሰለኝ ጥያቄ ይህን ተሸክሞ ኖሯል። የሻማዬ፣ የመጋረጃዬ እያንዳንዱ ጌጥ ከወንድሙ ላይ የተወሰደ ነገር ሆኖ ነው የተቆጠረው። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል።

«ንጋቱ፣ የነገርኩህ ፈጠራ ነው» አልኩት። «መኪና ውስጥ ነው የፈጠርኩት። ከካርቶኑ ጀርባ ምንም አልነበረም። ፊልሙ ተቆርጦ ነው የሚመጣልን። የምሸፍነው ሰውዬው መንገድ ላይ ሲሄድ ነው። ሙሴ ስቴፋኖ ነው ሸፍን ያለኝ።»

«ልታጽናናኝ ነው።»

«አይደለም።»

«ማልልኝ።»

«ሚካኤልን። ዝናብ የመታው መንገድ፣ ቦርሳውን የያዘ ሰው፣ ከኋላው አንድ ነጭ ውሻ ይከተለዋል። ይኸው ነው።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ቀጥሎ «ውሻ» አለ። «ውሻ ሲጮህ እንሰማ ነበር። በጨለማው ውስጥ። ዳምጤ ውሻው መኝታ ቤት ገብቶ ነው ብሎ ድርቅ ይል ነበር።» ደረቱ ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው። ድምፅ የለውም፣ አቅሙ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነው። እኔም ሳቄ መጣብኝ፤ አብሮም ለቅሶዬ። ሁለት ሽማግሌዎችን አንድ የእንግሊዝ ውሻ እንዲህ አደረገን።

«እንግዲያ ምንም አላመለጠውም» አለ።

«ምንም» አልኩት።

«ምንም አላመለጠውም» አለ እንደገና፤ ይህን ለእኔ አልነበረም የሚለው።

ሳምራዊት ፎጣ በእጇ ይዛ ከኩሽና ብቅ አለች። አባቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ማየቷ ነው መሰለኝ፣ ለመግባት ፈራች። «አባቢ፣ ምን ሆናችሁ? ዋትስ ሶ ፈኒ?» አለች።

«አጎትሽ» አላት።

አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። «የትኛው አጎቴ?»

ተነሥቼ ወንበሬን ለቀቅኩላት።